በመስኮት ያስተማሩኝ ሰው

ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ሦስቱንም ጊዜ አላነሳሁትም። እጄ ላይ ጓንት ነበረ፣ ጓንቱ ላይ ደግሞ ያልደረቀ ሬዚን። በመምህሬ በጋሽ እሸቴ ሕግ ሬዚን የነካ ጓንት ስልክ አይነካም፣ የበር እጀታ አይነካም፣ አፍንጫ ቢበላ እንኳ አፍንጫ አይነካም። መጀመሪያ ጓንቱ ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይወልቃል፤ ቀጥሎ እጅ በሳሙና እስከ ክርን ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ይደውል። ይህን ሁሉ አድርጌ አራተኛው ላይ አነሳሁት። የደወሉት ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ነበሩ።

"የሺዬ፣ ጋሽሽ ዐረፉ" አሉኝ።

ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ከገቡ ሁለት ሳምንታቸው ነበር፤ ስለዚህ ዱብ ዕዳ አልሆነብኝም። ግን ምን ዋጋ አለው! መሬቱ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥሁ። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የሳቸውን መርዶ እንኳ እጄን ታጥቤ ነው የሰማሁት። ሌላ ሰው ቢሰማ "ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ናት" ይለኛል። ይበል! እኔ ኮርቻለሁ፤ እሳቸውም ቢያዩኝ ይኮሩ ነበር።

ጋሽ እሸቴ መንዝ ውስጥ ዘመሮ ላይ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለች ቆርቆሮ ቤት የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ። የአገሬ ሰው ሲገናኝ ሰላምታው አያልቅም፤ ልጁ፣ ከብቱ፣ ገብሱ፣ ዝናቡ ሳይቀር ይጠየቃል። እሳቸው እኔን ሲያዩ ግን አንድ ቃል ብቻ ነበራቸው፦ "እጅ!" እዘረጋለሁ። መዳፌን ያያሉ፣ ያገላብጡታል፣ በጣቶቼ መሃል ያያሉ፣ "ደህና ናቸው" ይላሉ። ሰላምታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በገበያ መሃል እንዲህ ሲያደርጉ ሰዉ "ምን ሰርቃ ነው?" ይል ነበር።

የተዋወቅነው እኔ ባና ስሸጥ ነው። ባና እንግዲህ እኛ መንዞች ብርዱን የምንችልበት የበግ ፀጉር ልብስ ነው። አንድ ቅዳሜ ሊገዙኝ መጥተው ሲከራከሩኝ ዓይኔ የቁልፋቸው መያዣ ላይ ዐረፈ። ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ነገር ነው፤ ውስጡ አንድ የገብስ ዛላ ከነፂሙ ተኝቷል። ፂሙ አንዷ እንኳ አልተሰበረችም።

"ይሄ ምንድን ነው ጋሼ? ብርጭቆ ነው?"

"ሬዚን ነው። ኢፖክሲ ይሉታል። ሁለት ፈሳሽ ነው፤ ለየብቻ ሲቀመጥ ማር ይመስላል፣ ሲቀላቀል ድንጋይ ይሆናል።"

"እርስዎ ነዎት የሠሩት?"

"እሠራ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ እሱ ሠራልኝ" አሉና የእጃቸውን ጀርባ አሳዩኝ። ቆዳው ስስ፣ የተሰነጣጠቀ፣ አንዳንድ ቦታ ነጣ ያለ ነበር።

ታሪኩን በኋላ ነው የነገሩኝ። አዲስ አበባ አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ውስጥ ሲሠሩ እንጨት ላይ ሬዚን እያፈሰሱ ጠረጴዛ ያበጁ ነበር። ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ፤ ማታ ማታ እጃቸውን በቲነር ይታጠባሉ። መጀመሪያ አሳከካቸው። ቀጥሎ የዓይናቸው ቆብ አብጦ ዓይናቸው ተከደነ። በመጨረሻ ደረታቸውን አፈናቸው። ሐኪሙ "ሰውነትህ ከዚህ ነገር ጋር ተጣልቷል፤ ከእንግዲህ አይታረቁም" አላቸው። እውነትም፣ ያልደረቀ ሬዚን ያለበት ክፍል ከገቡ ፊታቸው ያብጣል። ሙያውን ጥለው አገራቸው ገቡ፤ በርና አልጋ መሥራት ጀመሩ። "ሽታ የለውም ማለት ጥርስ የለውም ማለት አይደለም" ይሉ የነበረው ከዚያ ወዲህ ነው።

እኔ ግን ያችን የገብስ ዛላ ካየሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከባሌ ተለያይቼ ብቻዬን ነበርኩ፤ ባና መሸጥ ደግሞ ሆድ እንጂ ልብ አይሞላም። ሄጄ "ያስተምሩኝ" አልኳቸው።

"ውስጥ አልገባም። በመስኮት ከሆነ ላስተምርሽ።"

"በመስኮት?"

"ምነው? ካህን በመጋረጃ ውስጥ ይቀድስ የለም? አንቺ ውስጥ ሆነሽ ቀድሺ፣ እኔ ውጭ ሆኜ ላስቀድስ።" ወዲያው ደንገጥ ብለው አማተቡ። "ይቅር ይበለኝ፤ ምላሴ ነው።"

እንዲህ ሆነ ትምህርቱ። የነፋሱን አቅጣጫ አይተው፣ ባናቸውን ተከናንበው፣ ከተዘጋው መስኮት ውጭ ይቆማሉ፤ እኔ ማዶ ያለውን መስኮት ከፍቼ ውስጥ እሠራለሁ። በከዘራቸው ጫፍ መስተዋቱን አንድ ጊዜ ከመቱት "ቀስ በይ" ነው፤ ሁለት ጊዜ ከመቱት "አቁሚ" ነው። ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም፤ ግራና ቀኝ ማጣሪያ ያለውን ጭንብል ከአዲስ አበባ አስመጡልኝ። ቆሎ ይዤ መግባት ክልክል። ባና ለብሶ መግባት ክልክል፤ ፀጉሩ እየበነነ ሬዚኑ ላይ ይተኛልና። መቼስ መንዜን ባናህን አውልቅ ማለት ቆዳህን አውልቅ ማለት ነው። ስንት ትልልቅ ሰው ከበር ላይ ተቆጥቶ ተመልሷል።

የመጀመሪያው ጥፋቴ እንዲህ ነው። ታኅሣሥ ነበር፤ ውርጩ ጠዋት ሜዳውን ያነጣዋል። ሬዚን ብርድ አይወድም፤ አይጠነክርም። እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ሊጥ በብርድ እንቢ ሲል ምን ይደረጋል? እርሾ ይጨመራል! ጋሽ እሸቴ ከመንገደኛ ጋር ሰላም ሲባባሉ ከማጠንከሪያው ፈሳሽ ከሚዛኑ በላይ ጨመር አደረግሁ። ወይ ጉድ! የፕላስቲክ ጣሳው እጄ ላይ ጋለ፣ ጭስ ተነሣ፣ ፕላስቲኩ ቀለጠ። መስተዋቱ ሁለቴ ተመታ። "ወደ ውጭ! ድንጋዩ ላይ አስቀምጪና ሽሺ!"

ጭሱ ካለቀ በኋላ "ምን አስበሽ ነው?" አሉኝ። "እርሾ..." ከማለቴ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪፈስ። ከዚያ ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ።

"ስሚ የሺ። እርሾ ይለመናል፤ ሚዛን አይለመንም። ልኩን ካለፈ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጣብቅ ይኖራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሄ ግን ቢፈስ አይለቀምም።"

ለብርዱ መላ የዘየዱት እሳቸው ናቸው። ጠርሙሶቹን ሳይቀላቀሉ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እናቆያቸዋለን። ክፍሉን አስቀድመን በምድጃ እናሞቀዋለን፤ ከዚያ እሳቱን ከነፍሙ አውጥተን፣ አናፍሰን፣ ነው ሥራ የሚጀመረው። ካፈሰስን በኋላ በሩን ዘግተን ለሬዚኑ እንተውለታለን። ሌላው ሰው በብርድ ጊዜ በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ አብሮ ይቀመጥ ነበር፤ ጋሽ እሸቴ ግን "ሙቀቱ ለእሱ፣ ብርዱ ለእኛ" ይላሉ። ደጅ ቆመን ስንንቀጠቀጥ መንገደኛው ያበድን ይመስለው ነበር።

ሁለት ዓመት ሠራን። የጆሮ ጌጥ፣ የቁልፍ መያዣ፣ የስኒ ማስቀመጫ፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሸጠ። ከዚያ ወይራው ወደቀ።

ወይራው ከገበያው ዳር የነበረ ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ የተጣላ የሚታረቀው ከሥሩ ነበር። አንድ ሌሊት ነፋስ ጣለው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው "ማገዶ አይሆንም" ብለው ወሰኑ፤ ለአዲሱ የተማሪዎች ንባብ ቤት ጠረጴዛ ይሁን ተባለ። ግንዱ ሲሰነጠቅ መሃሉ ላይ ክንድ የሚያስገባ ንቃቃት ተገኘ። ጋሽ እሸቴ "በሬዚን እንሞላዋለን፤ ንቃቃቱም ይታያል፣ ጠረጴዛውም ይጠነክራል" ብለው ቃል ገቡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ደጀኔ ነበሩ። የወንድማቸው ደም የታረቀው እዚያ ወይራ ሥር ነው። "እሸቴ፣ ሌላ ወይራ የለንም" አሏቸው። "አውቃለሁ" አሉ ጋሽ እሸቴ።

አሁን የኔን ጉድ ልናገር። ባና ተከልክሎ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ፣ እናቴ የሠራችልኝን የሱፍ ሹራብ ከሥራ ልብሴ ሥር ለብሼ እጅጌውን እስከ ጓንቱ ውስጥ እጎትተው ነበር። ማን ያየኛል? ሱፍ ግን ፈሳሽ ይጠጣል። በጓንቱ አፍ የሾለከችውን ጠብታ ሁሉ እየጠጣ የእጄ አንጓ ላይ ይዞልኝ ይውላል። ጠረጴዛው ላይ ልናፈስ አራት ቀን ሲቀረን አንጓዬ ቀላ። በማግስቱ ያሳክከኝ ጀመር። ልናገር? እናገርና ሥራው ይቁም? ጠዋት ጠዋት "እጅ!" ሲሉኝ መዳፌን እዘረጋለሁ፣ እጅጌዬን በጣቴ ጫፍ ይዤ። "ደህና ናቸው" ይላሉ። እኔም "ቁንጫ ነው፣ ያልፋል" ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

የማፍሰሻው ቀን ሽማግሌዎቹ ሁሉ መጡ። ከጋሽ እሸቴ ጎን በመስኮቱ ተደርድረው ቆሙ። ሬዚኑን መዘንኩ፣ በቀስታ አማሰልኩ፣ ማፍሰስ ጀመርኩ። ንቃቃቱ ውስጥ እንደ ምንጭ ውሃ እየተኛ ሲሄድ አያ ደጀኔ አፋቸውን በእጃቸው ሲይዙ አየሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ ሁለተኛውን ባልዲ አነሣሁ። ያኔ እጅጌዬ ሸሸ፤ ዙሪያውን የቀላው አንጓዬ ታየ።

መስተዋቱ ሁለት ጊዜ ተመታ።

"የሺ! አንጓሽን አሳዪኝ!"

"ቁንጫ ነው ጋሼ!" ብዬ ጭንብሉ ውስጥ ሆኜ ጮህኩ።

"ቁንጫ አምባር አያጠልቅም! ባልዲውን ይዘሽ ውጪ!"

"ግማሽ ነው እኮ የቀረው! ይበላሻል!"

"ይበላሽ!"

አያ ደጀኔ ክንዳቸውን ያዟቸው። "እሸቴ፣ ምን ማለትህ ነው? አደራ ነው! ትጨርስና ትውጣ እንጂ።"

"አያ ደጀኔ" አሉ ጋሽ እሸቴ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ "ዛፉ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር። እሷ አልሞተችም።"

ወጣሁ። ባልዲው እንዳይግል ያረጀ ቆርቆሮ ላይ ዘርግቼ አፈሰስኩት፤ ያ ሁሉ ሬዚን! እሳቸው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሆነው ያዝዙኛል፦ "እጅጌውን በመቀስ ቁረጪው፣ እንዳትጎትቺው! ቲነር እንዳትነኪ! ሳሙና! ደግመሽ ሳሙና!" የእናቴ ሹራብ እጅጌው ተቆርጦ መሬት ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። አያ ደጀኔ ሲሄዱ "አደራ በላ" አሉ፤ እንድንሰማ ነው ያሉት። ጋሽ እሸቴ ሰምተዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስማቸው ያልተነካ ሰው እንዲህ መባላቸው በኔ ምክንያት ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን፣

"ስለ ቁስሉ አይደለም የተቆጣሁሽ" አሉኝ። "ስለ ቁንጫው ነው።"

አንጓዬን አየሁት።

"እኔም ያኔ አለቃዬ ሲጠይቀኝ ትኋን ነው ብዬ ነበር። ትኋን! ሥራው እንዳይቀርብኝ። አንድ ሳምንት ዋሸሁ። ያች ሳምንት ናት የበላችኝ።"

ሲናገሩ እጃቸውን ባናቸው ውስጥ ደብቀውት ነበር። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው "ተይ አሁን፣ እንባሽን በዚያ እጅ እንዳትጠርጊ" አሉኝ። በልቅሶዬ መሃል ሳቅሁ።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወሰዱኝ። ሐኪሟ አየችኝና "ገና ጫፉ ላይ ነሽ፤ ቆዳሽ ተቆጣ እንጂ አልተጣላም። እስኪድን እንዳትነኪው፣ ከዳነም በኋላ አንድ ጠብታ ቆዳሽን እንዳይነካ" አለችኝ። ጋሽ እሸቴ በኔ ቃል አላመኑም፤ ራሳቸው ገብተው ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ቀጥ ብለው አያ ደጀኔ ቤት ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ እትዬ አስካለ ብቻ "ደጅ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው፣ ግባም አላሉት" አሉኝ።

ሙሉ በሙሉ እስክድን ሁለት ወር ሆነኝ። እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት ተገዛልኝ፤ ከሥሩ የጥጥ እጅጌ፣ ጓንቱ አፍ ላይ ዙሪያውን ፕላስተር። "እጅ!" የሚለውም ትእዛዝ ረዘመ፤ "እጅ! እጅጌም!" ሆነ። መዳፌን ካዩ በኋላ እጅጌዬን በሁለት ጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገው አንጓዬን ሳያዩ ደህና ናቸው አይሉም። የቀረውን ግማሽ አፈሰስን። ሬዚን ግን ከደረቀ በኋላ ሲደረብበት አንዳንዴ ምልክት ይተዋል፤ ለኛም ተወልን። በጠረጴዛው ጎን ዝቅ ብሎ ላየው ሰው፣ ጥርት ባለው መሃል ቀጭን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። በብርጭቆ ወረቀት ብንለው፣ በውሃ እያረጠብን ብንፈገፍገው አልጠፋም። ውስጥ ነው ያለው።

ንባብ ቤቱ ሲከፈት ሰዉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጠረጴዛው መሃል ላይ ሲያበራ እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ ዛፋቸውን አወቁት፤ ይሄ ጉጥ፣ ያ ጠባሳ እያሉ ይጠቋቆማሉ። አያ ደጀኔ ብቻ በከዘራቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉ፣ በጎኑ አዩት፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስኬዱ።

"ይሄ እንከን ምንድን ነው?" አሉ ጮክ ብለው።

ሰዉ ወደ ጋሽ እሸቴ ዞረ።

"እንከን አይደለም" አሉ ጋሽ እሸቴ። ያ ገበያ የሚሞላ ድምፃቸው ነው። "እዚህ ላይ ቆም ብለን የየሺን እጅ አተረፍን። ከዚያ ቀጠልን። ሌላ ጠረጴዛ ብንሠራ ይሄን መስመር አንደግመውም፤ ይሄንን ግን ለወርቅ አልለውጠውም።"

አያ ደጀኔ ቀና አሉ። ረጅም ጊዜ ጋሽ እሸቴን አዩ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው፣ መስመሩን እንደገና በጣታቸው ነክተው፣ "እሺ" አሉ። እኔ የዚያን ቀን የቆምኩት ቁመት ከዚያ ወዲህ አልተቀነሰም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሥራችን አድጎ፣ እኔ ሦስት ሴቶች አስተምሬ፣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው መስኮት ላይ ቆመው አራት ተማሪ ሲቆጣጠሩ አሳለፍናቸው። አንዲቷም ቆዳዋ አልተቆጣም። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ጉራ ነው ካላችሁ ጉራ ነው።

ቀብራቸው ዘመሮ ሆነ። አገሩ ሁሉ ወጣ። ከግብአተ መሬቱ በኋላ እንደ ደንቡ ሐዘንተኛው ተሰልፎ "እግዜር ያጥናችሁ" ሲባል፣ እኔ ከእትዬ አስካለ ቀጥሎ ቆሜ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ጎትተው ነው ያቆሙኝ። አያ ደጀኔ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። በጣም አርጅተዋል። እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ለሰላምታ የሚዘረጉ መስሎኝ ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ሁለቱንም እጄን ያዙና መዳፌን ገለበጡ። አዩት። በጣቶቼ መሃል አዩ። ከዚያ እጅጌዬን በሁለት ጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገው አንጓዬን፣ ግራውንም ቀኙንም፣ አዩ። ማን ነግሯቸው ነው? ጋሽ እሸቴ ራሳቸው ነግረዋቸው መሆን አለበት።

ወደ አዲሱ አፈር ዞር አሉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"እሸቴ" አሉ፣ "ደህና ናቸው።"